ኮንቴይነሩ ኔትወርክ እምቢ ሲል የማይደረጉ ነገሮች

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ከቤት የሚሰሩ ልጆች ዶከር (ፕሮግራምን ኮንቴይነር በሚባል የተለየ ሳጥን ውስጥ የሚያስኬደው መሳሪያ) አልገናኝ ሲላቸው ወይ በውስጥ መስመር ይጽፉልኛል ወይ ላፕቶፓቸውን ተሸክመው ይመጣሉ፣ እኔም ሁሌ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ እምቢ ያለው የሆስቱ (ዶከር የተጫነበት ማሽን) ኔትወርክ ነው ወይስ የኮንቴይነሩ? ይሄን ሳይለዩ ፋየርዎል ማጥፋት፣ ዶከርን ደጋግሞ ሪስታርት ማድረግ ምናምን ዝም ብሎ ጊዜ ማቃጠል ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሎካልሆስት ላይ ነው። እያንዳንዱ ኮንቴይነር የራሱ ኔትወርክ ኔምስፔስ (ለብቻው የተከለለ ኔትወርክ) አለው፣ ስለዚህ ከውስጡ ሆናችሁ 127.0.0.1 ስትሉ ላፕቶፑን ሳይሆን ራሱን ኮንቴይነሩን ነው የምትጠሩት፣ የራስን በር ከውስጥ ማንኳኳት በሉት። ፖስትግሬሱ (ዳታቤዙ) ላፕቶፑ ላይ ከሆነ ሊኑክስ ላይ 172.17.0.1 ሞክሩ (የዶከር ዲፎልት ጌትዌይ ካልተነካ)፣ ግን ፖስትግሬሱም እዛ አድራሻ ላይ መስማት አለበት። ተቃራኒውም አለ፣ አፑ ኮንቴይነር ውስጥ 127.0.0.1 ላይ ብቻ ይሰማል፣ ፖርቱ ፐብሊሽ ተደርጓል (ወደ ሆስቱ ተከፍቷል)፣ ብራውዘሩ ግን ምንም አያመጣም። 0.0.0.0 (በሁሉም አድራሻ ስማ ማለት ነው) ላይ አድርጉት፣ አለቀ።

ኢሜጁ (ኮንቴይነሩ የሚነሳበት ጥቅል) ውስጥ ፒንግ የለም ብሎ ፓኬጅ ለመጫን መሞከርስ? ኔትወርኩ ተበላሽቶ ከየት ሊወርድ ነው ባካችሁ። ከሆስቱ ሆናችሁ በኤንኤስኢንተር (nsenter የሚባለው የሊኑክስ ትእዛዝ) የኮንቴይነሩ ኔትወርክ ውስጥ ብቻ ግቡ፣ የሆስቱን መሳሪያ ሁሉ ይዛችሁ ነው የምትገቡት።

አይፒ በእጅ መጻፍም ይቅርባችሁ፣ ኮንቴይነሩ እንደገና ሲነሳ ሊቀየር ይችላል። በስም ጥሩት። ዲፎልት ብሪጁ (ዶከር ራሱ ኮንቴይነሮችን የሚያገናኝበት ኔትወርክ) ላይ ግን በስም መጥራት አይሰራም፣ የራሳችሁን ኔትወርክ ፍጠሩ።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ ራውተሩም አብሮ ይሄዳል፣ ወደ ስልክ ሆትስፖት ትዞራላችሁ፣ ላፕቶፑ ላይ ሁሉም ነገር ይከፈታል ኮንቴይነሩ ግን ስም መፍታት ያቅተዋል። 8.8.8.8ን ፒንግ ሲያደርግ ከሰራ ኔቱ ደህና ነው፣ ችግሩ ዲኤንኤስ (ስምን ወደ አይፒ የሚፈታው) ነው፣ ሲነሳ የያዘው የድሮውን ራውተር አድራሻ ስለሆነ። የዲኤንኤሱ አድራሻ የተጻፈበትን ፋይል፣ ሪዞልቭ ኮንፍን፣ ውስጥ ገብቶ በእጅ ማስተካከል አያዛልቅም፣ ኮንቴይነሩ እንደ አዲስ ሲፈጠር ይጠፋል። ያንኑ ኮንቴይነር ብቻ ሪስታርት አድርጉት።

አሁን ወደ ክፉው እንምጣ፣ ኤምቲዩ (አንድ ፓኬት ሊኖረው የሚችለው ትልቁ መጠን፣ በባይት)። ቪፒኤን ከፍታችሁ ፒንግ ይሰራል፣ ትንንሽ ነገር ያልፋል፣ ትልቅ ነገር ስታወርዱ ወይ ኤችቲቲፒኤስ ስትከፍቱ ግን ተንጠልጥሎ ይቀራል፣ ሰውም "ዛሬ ኔቱ ዘገምተኛ ነው" ብሎ ይተወዋል። የዶከር ብሪጅ 1500 ይዟል፣ ዋየርጋርድ (አንዱ የቪፒኤን ዓይነት) ግን ብዙ ጊዜ 1420 ነው፣ ትልቁ ፓኬት መሃል መንገድ ላይ ይቀራል። ፓኬቱ እንዳይቆራረጥ አድርጋችሁ በ1472 ፒንግ ሞክሩ፣ ካላለፈ እስኪያልፍ ቀንሱ፣ ያለፈው ላይ 28 ስትደምሩ ትክክለኛውን ታገኛላችሁ (1392 ካለፈ 1420 ማለት ነው)። እና ልብ በሉ፣ ዴሞኑ (ከጀርባ የሚሰራው ራሱ ዶከር) ኮንፊግ ላይ የምትጽፉት ኤምቲዩ ዲፎልት ብሪጁን ብቻ ነው የሚነካው፣ በኮምፖዝ (ብዙ ኮንቴይነር በአንድ ፋይል የሚያስነሳው) ለተፈጠረው ኔትወርክ ለብቻው መጻፍ አለባችሁ፣ እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው "አስተካክዬው አልሰራም" የሚለው።

ኮንቴይነር ስታስነሱ ብቻ የቢሮው ሰርቨር ከጠፋባችሁ ደግሞ በ172 የሚጀምሩት የዶከሩና የቢሮው ሰብኔቶች (የአይፒ ክልሎች) ተጋጭተው ይሆናል፣ ራውት ቴብሉን እዩና የዶከሩን ሬንጅ ቀይሩ።

በመጨረሻ ዩኤፍደብሊውን (የሊኑክሱን ፋየርዎል) አትመኑ። ዶከር ፐብሊሽ ያደረገው ፖርት በኢንፑት ቼይን (ለራሱ ለማሽኑ የሚመጣው የሚጣራበት) ሳይሆን በፎርዋርድ (ወደ ሌላ የሚተላለፈው) በኩል ስለሚያልፍ፣ ዩኤፍደብሊው ዘግቼዋለሁ ቢላችሁም ዳታቤዛችሁ ለኢንተርኔቱ ክፍት ሊሆን ይችላል። ሰርቨር ላይ 5432:5432 ብላችሁ የጻፋችሁ ካላችሁ አሁኑኑ 127.0.0.1:5432:5432 አድርጉት፣ ከራሱ ከሰርቨሩ ብቻ እንዲደረስበት።