ቡና ማሽኑ ውሃ መግፋት ሲያቅተው

በማጥለያ ወረቀት የሚያፈላው የቤታችን የቡና ማሽን ሰሞኑን አስቸገረ። ያጓራል፣ እንፋሎት ይተፋል፣ ጆጉ ውስጥ ግን የሚገባው ጠብ ጠብ ብቻ ነው። ቡናውም ለብ ያለ ሆነ። ብዙ ሰው እንዲህ ሲሆን "ተቃጠለ" ብሎ ይጥለዋል። ያሳዝናል፤ አብዛኛውን ጊዜ የተቃጠለ ነገር የለም።

እነዚህ ማሽኖች ውሃ የሚገፋ ፓምፕ የላቸውም። ውሃው ከሥር ባለው ትኩስ ቱቦ ውስጥ ይፈላና እንፋሎቱ ራሱ ወደ ላይ ይገፋዋል። ማንቆርቆሪያ ውስጥ የምናየው ያ ነጭ ቅርፊት ቱቦውን ሲያጠበው፣ ውሃው መውጣት ያቅተዋል። ማዕድን የበዛበት የጉድጓድ ውሃ ከሆነ ደግሞ ቶሎ ይጠራቀማል።

መድኃኒቱ ነጭ አቼቶ ነው። አቼቶና ውሃ እኩል ቀላቅዬ ሞላሁት፤ ቡና ሳልጨምር አበራሁት። ግማሹ ሲወርድ አጠፋሁትና 30 ደቂቃ ተውኩት። ዋናው ነገር ይሄ ቆይታ ነው፤ አሲዱ ቅርፊቱን የሚበላው ያኔ ነው። እንደገና ሳበራው ጆጉ ውስጥ ነጫጭ ስብርባሪ ወረደ። ከዚያ ሽታው እስኪለቅ በንጹህ ውሃ ደጋግሞ ማጠብ ነው። አሁን ጆጉ ቶሎ ይሞላል፣ ቡናውም ትኩስ ነው። በረኪና ግን እንዳትሞክሩ! ከአቼቶ ጋር ሲገናኝ መርዛማ ጋዝ ያወጣል።

አፈጫጨቱንም እዩት። ለጀበና የላመ ቡና ማጥለያ ወረቀቱን ይደፍነውና ውሃው ሞልቶ ይፈሳል። እንደ ስኳር ሸከር ያለ ይሁን፤ ለ1 ሊትር ውሃ 60 ግራም ያህል ይበቃል።