ልጄን ለኦፕራሲዮን ያዘጋጀሁት በጨርቅ አሻንጉሊት ነው

ሐዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ ልብስ እሰፋለሁ። ልጄ 6 ዓመቱ እያለ በቀኝ ብሽሽቱ እብጠት ወጣበት፤ ሲያለቅስና ሲሮጥ ይወጣል፣ ሲተኛ ይገባል። ሐኪሙ አይቶ ቡአ ነው፣ የሚስተካከለው በኦፕራሲዮን ነው አለን። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስኪድን ድረስ ያጠፋሁትንም ያቀናሁትንም እጽፍላችኋለሁ። ቀጠሮ የምትጠብቁ ወላጆች የኔን ስህተት ባትደግሙት ደስ ይለኛል።

ከሁሉ አስቀድማችሁ «ዶክተሩ ይወጋሃል» ማለት አቁሙ። እኔ «እራትህን ካልጨረስክ መርፌ ትወጋለህ» እያልኩ ነው ያሳደግኩት፤ እኔንም እናቴ እንዲሁ ስትለኝ ነው ያደግኩት። ስለዚህ ልጄ ነጭ ጋዋን ሲያይ የሚታየው ቅጣት ነበር። በዚያ ላይ ለመጀመሪያው ምርመራ «አሞራ ገደል ሄደን ዓሣ እንበላለን» ብዬ ባጃጅ አሳፈርኩት። ባጃጁ ወደ ሐይቁ የሚወስደውን መታጠፊያ ሲያልፍ ዝም አለ። ሆስፒታሉ በር ላይ ስንወርድ እጄን ለቀቀ። ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ሙሉ፣ ባጃጅ በተሳፈርን ቁጥር «እማዬ፣ እውነት የት ነው የምንሄደው?» ይለኝ ነበር። ውሸቱ ለአንድ ጠዋት ጠቀመኝ፤ «አይዞህ» የምለውን ቃል ግን ወሰደብኝ።

እውነቱን መቼ እንደምትነግሩት የሚወስነው ዕድሜው ነው። ሦስትና አራት ዓመት ለሆነው አንድ ሁለት ቀን ሲቀረው ይበቃል፤ ቀን መቁጠር ስለማይችል ቀደም ብላችሁ ብትነግሩት ፍርሃቱን ብቻ ታስረዝሙበታላችሁ። ስድስትና ሰባት የሞላው ጥያቄ ስላለው ጥቂት ቀን ስጡት። እኔ ለማክሰኞ ቀጠሮ ሐሙስ ማታ ነገርኩት። ከዚያ ከፍ ያሉትማ ከጎረቤት ከሚሰሙ ቀጠሮው ከተያዘ ጀምሮ ከናንተ ቢሰሙ ይሻላል።

ከመንገራችሁ በፊት ግን ጠይቁት። «ምን የሚያደርጉህ ይመስልሃል?» ስለው መጀመሪያ ትከሻውን ነቀነቀ። መብራት አጥፍተን ከተኛን በኋላ ግን ሦስት ነገር ወጣው። የግቢው ልጆች «ሆድህን እንደ በግ ይቀዱታል» ብለውታል። ቦታው ከታች ስለሆነ ሽንት መሽኛውን የሚቆርጡት መስሎታል። ሦስተኛውን ሲነግረኝ ትራሱን አፉ ላይ ይዞ ነበር፦ ሱቅ ስልከው ከመልስ 5 ብር ደብቆ ነበርና፣ እብጠቱን እግዜር ለዚያ የላከበት መስሎታል። በዚህ ዕድሜ ያሉ ልጆች ሕመምን ከጥፋት ጋር ማያያዝ ያዘወትራሉ። እኛ ስለ መርፌው ስናወራ እነሱ ስለ ኃጢአታቸው ይጨነቃሉ። ሳልጠይቀው ቀርቼ ቢሆን ያንን ሸክም ይዞ ኦፕራሲዮን ክፍል ይገባ ነበር።

እንዲህ ብዬ ነገርኩት፦ «ወንድ ልጅ እናቱ ሆድ ውስጥ እያለ የዘር ፍሬው ከሆዱ ወደ ታች የሚወርድበት መንገድ አለ። ከወረደ በኋላ መንገዱ ይዘጋል። ያንተ ሳይዘጋ ቀረ፤ አንጀትህ በዚያ እየሾለከ ነው የሚያብጠው። አንተ ከመወለድህ በፊት የሆነ ነገር ነው፤ በ5 ብር አይመጣም።»

እግረ መንገዴን፦ ቀጠሮ እየጠበቃችሁ እብጠቱ ጠንክሮ አልመለስ ካለ፣ ካመመው፣ ካስመለሰው፣ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። ቀጠሮ አይጠበቅም።

አሻንጉሊቱ የመጣው ቃል ሲያጥረኝ ነው። ከአቡጀዴ ቁራጭ ትንሽ ሰው ሰፋሁ፣ ጥጥ ሞላሁት፣ ብሽሽቱ ላይ ቀዳዳ ተውኩለት። ከገበር ጨርቅ የጣት ጫፍ የምታህል ከረጢት ሠርቼ በቀዳዳው አወጣኋት። ልጄ ራሱ ከረጢቷን ወደ ውስጥ መለሳት፣ አፏን በክር አሰረ። መርፌውን እኔ ይዤ ሦስት ጊዜ ሰፋሁት። «አለቀ?» አለኝ። ሐኪሙ የሚሠራውም በመሠረቱ ይኸው ነው፤ የከረጢቱን አንገት አስሮ ይዘጋል። ልብስ መስፋት ባትችሉም አሮጌ ካልሲ ይበቃል። ለማደንዘዣው ማስክ የፕላስቲክ ኩባያ አፉና አፍንጫው ላይ እያደረገ መተንፈስ ተለማመደ፤ ለግሉኮሱ በአሻንጉሊቱ እጅ ላይ ክር አሰርን። ቀኑን ሙሉ ሐኪም እሱ፣ በሽተኛዋ እኔ ሆነን ዋልን።

ስለ ማደንዘዣው ስታወሩ ተጠንቀቁ። «ያስተኙሃል» ብቻ ብላችሁ ካለፋችሁ ማታ መተኛት ይፈራል፤ ወይም እንደ ማታው እንቅልፍ መሐል ላይ የሚነቃ ይመስለዋል። እኔ «ይሄ የመድኃኒት እንቅልፍ ነው፤ ሲሠሩህ አይሰማህም። አንተን ብቻ የሚጠብቅ ባለሙያ ራስጌህ ይቆማል። ሲጨርሱ መድኃኒቱን ያቆማሉ፣ ትነቃለህ» አልኩት። «ምንም አያምህም» አላልኩም። መርፌው ሲገባ ይቆነጥጣል፤ ከነቃህ በኋላም ያምሃል፤ ያን ጊዜ ለሲስተር እንነግራለን፣ ማስታገሻ ትሰጥሃለች አልኩት።

ጾሙ ከሁሉ ያስቸገረን ነው። በብዙ ቦታ የሚሠራበት ልክ ከማደንዘዣው በፊት ለምግብ 6 ሰዓት፣ ለእናት ጡት ወተት 4 ሰዓት፣ ለንጹሕ ውኃ 2 ሰዓት ነው፤ እናንተ ግን የራሳችሁ ባለሙያ የነገራችሁን ያዙ። ምክንያቱን ለልጁም ለአስታማሚዎችም ንገሩ፦ ሆዱ ውስጥ ምግብ ካለ ተኝቶ ሳለ ያስመልሰውና ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። የኛ ልጅ ማክሰኞ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ጾሞ እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ጠበቀ፤ ድንገተኛ በሽተኛ ገባና ተራው ለረቡዕ ተላለፈ። ከረሃቡ ይልቅ ማንም መጥቶ ሳይነግረን መዋላችን አንገበገበኝ። ጠዋት ላይ «ስንተኛ ነን? ውኃ እስከ ስንት ሰዓት ይፈቀድለታል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መጠየቅ ድፍረት አይደለም። እሱ እየጾመ እናንተ ፊቱ አትብሉ። ሳታዩት ዳቦ ቀምሶ ከተገኘም ተራችን ያልፋል ብላችሁ አትደብቁ።

አሁን ሆስፒታል ተኝተን ወዳገኘው ጓደኛው ልምጣ፤ ልጄን ያበረታው እሱ እንጂ እኔ አይደለሁም።

ከአልጋችን ቀጥሎ የ8 ዓመት ልጅ ተኝቶ ነበር። ከአቮካዶ ዛፍ ወድቆ ጭኑ ተሰብሮ፣ እግሩ በክብደት እየተሳበ ሳምንታት ቆይቷል። የሚያወራው ሲዳምኛ ብቻ ነው፤ የኔ ልጅ አማርኛ ብቻ። የመጀመሪያውን ቀን ተያዩ እንጂ አልተነጋገሩም። ማታ አያቱን «እማማ፣ ልጁ ቆርኪ መጫወት ይወዳል?» አልኳቸው። ከቦርሳዬ 10 ቆርኪ አውጥቼ በሁለቱ አልጋዎች መሐል ወንበር አደረግኩና ዘወር አልኩ። ዘወር ማለታችሁ ወሳኝ ነው። አዋቂ ቆሞ እያየ «ተጫወቱ እንጂ» ሲል ልጆች ይሸማቀቃሉ። በማግስቱ የኔው «ኬሬሆ» ብሎ ሰላምታ ይሰጥ ነበር።

ማክሰኞ ማታ፣ ተራው ካለፈ በኋላ፣ ልጄ ተሸፋፍኖ አለቀሰ። ያ ልጅ አየው። እጁ ላይ መርፌ የነበረበትን ቦታ አሳየው፣ ፊቱን ኮሶ እንደጠጣ ሰው አኮማተረ፤ ከዚያ አይኑን ጨፍኖ ወደ ጎን ወደቀ። ጥቂት ቆይቶ አይኑን በርግዶ ሳቀ። ልጄ ብድግ ብሎ «እማዬ፣ እሱ ነቅቷል እኮ!» አለኝ። አምስት ቀን ሙሉ ስነግረው የነበረውን ነው።

ስለዚህ ከክፍሉ ውስጥ ቀድሞ የተሠራለት ልጅ ካለ፣ በወላጁ ፈቃድ አቀራርቧቸው። «እሱን እይ፣ አያለቅስም» ግን አትበሉ፤ ያኔ ጓደኝነቱ ውድድር ይሆናል፣ ልጁም እንባውን ይደብቃችኋል። ምግብ ስታካፍሉ ማን እንደሚጾም አስቀድማችሁ ጠይቁ። ጠያቂ ዘመዶቻችሁንም በር ላይ ተቀበሏቸው፤ ብርቱካኑንና «እግዜር ይማርህ»ን ይዘው ይግቡ፣ ለቅሶውንና «የእገሌ ልጅማ…» የሚለውን ወሬ ውጭ ይተዉት።

ረቡዕ ጠዋት በሩ አጠገብ ያለው የሌላ በሽተኛ አልጋ ባዶ ሆኖ አገኘነው። ልጄ በጆሮዬ «ሞተ?» አለኝ። እኔም አላወቅኩም። ሲስተርን ጠየቅኳት፤ ሌላ ክፍል ተዛውሯል። ይዤው ሄጄ በመስኮት አሳየሁት። ባዶ አልጋ ለልጅ አንድ ትርጉም ብቻ ነው ያለው፤ አጣርታችሁ እውነቱን ንገሩት። ዜናው ክፉ ቢሆን እንኳ «ተኝቷል» አይባልም፤ እሱ ራሱ ሊተኛ ነውና። በጣም ታሞ እንደነበር፣ ሐኪሞቹ ብዙ እንደደከሙ፣ የልጃችሁ ሕመም ግን ሌላ እንደሆነ ንገሩት።

ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ሲገባ ተደብቃችሁ አትጥፉ። ከአሮጌ ነጠላዬ ጥለቱን ቀድጄ፣ ሲስተርን አስፈቅጄ፣ ግሉኮስ በሌለበት እጁ ላይ አሰርኩለት። «እዚሁ በር ላይ ነኝ» አልኩት፤ ሽንት ቤት እንኳ ሳልሄድ እዚያው ቆየሁ። ሲወጣ አይኑ ተከፍቶ እያየኝ አላወቀኝም፣ ያልተያያዘ ነገር ያወራል፣ ያለቅሳል። ደነገጥኩ። ከማደንዘዣ ሲነቁ ብዙ ልጆች እንዲህ ይሆናሉ፣ ያልፋል። ብርሃኑን ቀንሱ፣ ሰው አታብዙ፣ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ ስሙን ጥሩት።

ትምህርት ቤት ከመመለሱ በፊት ለመምህርቱ ሩጫና ኳስ ሐኪሙ እስኪፈቅድ እንደማይቻል ንገሯት። ልጆች ይጠይቁታል፣ ቦታው ደግሞ ያሳፍራል፤ ስለዚህ መልሱን ቤት ውስጥ ተለማመዱ። የኛ «ቀዳዳ ነበረኝ፣ ተሰፋ» የሚል ነበር። «አሳየን» ሲሉት «አይ» ማለትም ተለማመድን።

ሐሙስ ስንወጣ ጓደኛው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ልጄ «ነገ እመጣለሁ በለው» አለኝ። ነገ እንደማልችል አውቅ ነበርና በአያቱ በኩል «ቅዳሜ» አስባልኩ። የማትፈጽሙትን ቀን አትስጡ፤ ያኛው ልጅ ከአልጋው ሆኖ ይቆጥራል። ዓርብ ማታ ሁለተኛ አሻንጉሊት ሰፋሁ። ልጄ አንድ እግሩን በክር አስሮ፣ ክሩ ጫፍ ላይ ቁልፍ አንጠለጠለበት። ቅዳሜ ባጃጅ ስንሳፈር ወዴት እንደምንሄድ አልጠየቀኝም፤ ለሾፌሩ የነገረው እሱ ነው።