በብርሌ የሚሠራው የብርሃን መስመር አልወጣ ሲል

ውሃ የሞላ ብርሌ ነጭ ወረቀት ላይ አቁማችሁ የጠዋት ፀሐይ ሲያርፍበት፣ ጥላው መሐል ሁለት ደማቅ መስመሮች ጎብጠው ይመጡና ጫፋቸው እንደ ጦር ሾሎ ይገጥማል። ኮስቲክ ይሉታል፤ ውሃው የሰበራቸው ጨረሮች የሚጨናነቁበት ጠርዝ ነው። እኔ ጎንደር በረንዳችን ላይ ለልጆቹ ላሳይ ብዬ ያየሁት አበሳ እነሆ።

መስመሩ ጭራሽ አይታይም

ብርሌው ቆሽሾ መስሎኝ ሦስት ጊዜ አጠብኩት። ጥፋቱ የብርሃኑ ነበር። ደመና ያለበት ሰማይም ሆነ ረጅም ቲዩብ መብራት ከየአቅጣጫው ያበራል፤ እያንዳንዷ አቅጣጫ የራሷን መስመር ትሥላለች፣ ሁሉም ተደራርበው ይደበዝዛሉ። መፍትሄው ቀጥተኛ ፀሐይ ነው። አለዚያ ቤቱን አጨልማችሁ የስልክ ባትሪ 2 ሜትር ያህል ርቆ ይብራ። መብራት የጠፋበት ማታ ለዚህ ይመቻል።

ጠጅ አትሞክሩ፤ ካልጠለለ ብርሃኑን ይበትነዋል። የኔው አልሠራም፣ ጠጁ ግን አልባከነም።

መስመሩ ወፍራም ነው

ፀሐይ ነጥብ አይደለችም፤ ከምድር ስትታይ ግማሽ ዲግሪ ያህል ትሰፋለች። ስለዚህ ብርሃኑ በተጓዘ በየ1 ሜትሩ 9 ሚሊ ሜትር ገደማ ይደበዝዛል። ወረቀቱን አስጠጉት። ለጥምቀት የሚሞላው የፋሲለደስ መዋኛ ግንቡ ላይ የሚያስጨፍረው የብርሃን መረብም የዚሁ ዘመድ ነው፤ እዚያ ግን ሞገዱ መረቡን የሚሠራው ብርሃኑን መልሶ በመላክ ነው።

በቀትር ይጠፋል

ፀሐይዋ አናት ላይ ናት፤ ቅርጹ ከብርሌው ሥር ይደበቃል። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ግድም ሞክሩ።

ጨረሮቹ አንድ ነጥብ ላይ አይገናኙም

ይህ ብልሽት አይደለም። የመማሪያ መጽሐፍ ሥዕል ነው ያሳሳተን። ኳስ የሚመስል ውሃ የሞላ ዕቃ በመሐሉ የሚያልፉትን ጨረሮች ከጀርባው የሬዲየሱን ያህል ርቆ ይሰበስባቸዋል፤ በጠርዙ የሚያልፉት ግን ይበልጥ ተሰብረው ቀድመው ይሻገራሉ። የጦሩ ቅርጽ የሚመጣው ከዚህ ልዩነት ነው። አንድ ነጥብ ከፈለጋችሁ ፊት ለፊቱ መሐሉ የተበሳ ካርቶን አቁሙ፤ ጠርዙ ሲሸፈን ጦሩም ይጠፋል።

ጨርቁ ላይ ጥቁር ነጥብ ወጣ

ኮስቲክ ከግሪክኛው «የሚያቃጥል» ከሚለው የመጣ ቃል ነው። ውሃ የሞላ ዕቃ ፀሐይ ላይ ትታችሁ አትሂዱ። እኛ ቤት ያለችውን ነጥብ ሁሉም ሰው የቡና ጠብታ ይላታል፤ እኔም አላረምኩም።