የቮልሷን ቸርኬ ሦስቴ የቀባሁበት ምክንያት

ቮልሷን ገዝቼ አራት ኪሎ ግቢያችን ውስጥ ካቆምኳት በኋላ መጀመሪያ የነካሁት ቸርኬዋን ነው። ቸርኬ ቶሎ ያምራላ። ሞተር ብታወርዱ ማንም አያይላችሁም፣ ቸርኬ ቀብታችሁ ስታቆሙ ግን ጎረቤቱ ሁሉ "ታደሰች አይደል!" ይላል። ቀባሁት። ተበላሸ። ደግሜ ቀባሁት፣ ደግሞ ተበላሸ። በሦስተኛው ደግሞ ጎማው ሊወልቅብኝ ነበር። ሦስቱም ምክንያታቸው የተለያየ ነው፣ በሁለተኛው ላይማ ቀለሙ ምንም ጥፋት አልነበረበትም። ቸርኬ ላይ የምታዩት ነገር ብዙ ጊዜ የሌላ ቦታ በሽታ ነውና ሳትሸፍኑት በፊት እዩት።

የኔዋ በፈረንጆቹ 1960ዎቹ የተሠራች 1300 ናት። ቸርኬዋ 15 ኢንች፣ ባለ 5 ብሎን። ላዳ ወይ ፊያት 600 ያላችሁም አትሂዱ፣ ዝገት ዝገት ነው። ዕቃ ይጠፋል ብላችሁም ብዙ አትፍሩ፤ ቮልስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታ የመጨረሻዋ ከሜክሲኮው ፋብሪካ የወጣችው በሐምሌ 1995 ዓ.ም. ነው። ሶማሌ ተራ ያጣችሁትን ምናለሽ ተራ ልታገኙት ትችላላችሁ፣ ጊዜና ጨዋታ ይጠይቃል እንጂ። ቸርኬ ስትገዙ ግን ብሎኑን ቁጠሩ። የቆዩት ባለ 5 ናቸው፣ የብሎኖቹ ክብ 205 ሚሊሜትር ነው። የኋለኞቹ ባለ 4 ናቸው፣ እሱ ደግሞ 130። "ትገባለች፣ ትንሽ በሞረድ ነካ ነው" የሚላችሁ ነጋዴ ካለ ሰላም ብላችሁት እለፉ።

ቀለሙ በወሩ እንደ እንጀራ ዓይን አወጣ

የመጀመሪያው ዙር ነው። ብርጭቆ ወረቀት ነካ ነካ አድርጌ፣ ቆንጆ ብርማ ስፕሬ ነፋሁበት። በአራተኛው ሳምንት ከጠርዙ አካባቢ ትንንሽ እብጠቶች ወጡ። አንዷን በጥፍሬ ስፈነቅላት ከሥሯ ቡናማ ዱቄት ፈሰሰ።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ዝገት ከቀለም ሥር ሆኖም ይሠራል፣ እርጥበት ካገኘ አይተኛም። ለስላሳ መስሎ የሚታየው ብረት ትንንሽ ጉድጓዶች አሉት፣ ብርጭቆ ወረቀት ደግሞ ከላያቸው ይንሸራተታል እንጂ ውስጣቸው አይገባም።

መፍትሄው እስከ ብረቱ መውረድ ነው። መጀመሪያ ጎማውን ጎሚስታ ጋ አስወልቁ፣ በጎማው ዙሪያ ወረቀት ለጥፎ መቀባት ራስን ማታለል ነው። ጎማው የሚቀመጥበት ከንፈር ላይ ያለው ዝገት እኮ ነው ጎማችሁን በየሳምንቱ የሚያስተነፍሰው፣ ካላማዳሪ የሌለው ከሆነ። ከዚያ ግራይንደር ላይ የሽቦ ብሩሽ ግጠሙና ሂዱበት። መነጽርና ማስክ አድርጉ፤ የድሮ ቀለም ውስጥ እርሳስ ሊኖር ስለሚችል ቀለሙን እያረጠባችሁ በእጅ ብትፍቁት ይሻላል፣ ልጆች ካሉበት ግቢ ደግሞ አቧራውን ሰብስባችሁ ጣሉ።

ጉድጓድ ውስጥ የቀረውን ዝገት አቼቶ ያወጣዋል። አዎ፣ የሰላጣው አቼቶ። አሮጌ ጨርቅ በአቼቶ ንከሩ፣ ዝገቱ ላይ ጠቅልሉት፣ እንዳይደርቅ በፌስታል ሸፍኑና አሳድሩት። ጠዋት ስትፈቱት ዝገቱ ጥቁር ጭቃ ሆኖ በብሩሽ ይነሳል። ከዚያ ቢካርቦኔት በበጠበጣችሁበት ውኃ እጠቡት፣ አሲዱን ይገድለዋል። ወዲያው አድርቁት። የእህቴን የፀጉር ማድረቂያ ነው የተጠቀምኩት፣ እስካሁን አላወቀችም። አንቲረስቱንም (ዝገት መከላከያውን የሥር ቀለም) ያኔውኑ ቀቡ። እኔ አንዱን ቸርኬ አጥቤ "ምሳ በልቼ እመጣለሁ" ብዬ ሄድኩ፣ ቡናው ረዘመ፣ ስመለስ ብረቱ ሻይ የፈሰሰበት መስሏል። እንደገና ከሀ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። አቼቶን ከበረኪና ጋር በጭራሽ እንዳትቀላቅሉ፣ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው።

ስፕሬው ራሱ ሲያስቸግር

ይኼ ቶሎ ያልቃል። ቀለሙ እንባ ካወረደ ቀርባችሁ ወይም በአንድ ጊዜ አብዝታችሁ ነፍታችኋል፤ ይድረቅ፣ ፍቁት፣ በስሱ ደግማችሁ ንፉ። ሲዳሰስ እንደ ሎሚ ልጣጭ ጎርበጥ ካለ ርቃችኋል ወይም ብረቱ ፀሐይ ላይ ግሏል፤ ቀለሙ ሳይዘረጋ አየር ላይ ደርቋል ማለት ነው። አንድ ስንዝር ተኩል ያህል ርቀት ይበቃል። ትንንሽ ክብ ጉድጓዶች ከፈጠረ ብረቱ ላይ ቅባት አለ፣ ብዙ ጊዜ ከጣት ወይም ከጨርቅ ነው፤ በቲነር ጠርጋችሁ በንጹሕ ጨርቅ ድገሙት። እንደ ፈላ ወተት ስልባቦት ከተጨማደደ ደግሞ ኒትሮ ቀለም (በቲነር የሚቀጥነውን፣ ቶሎ የሚደርቀውን) በሌላ ዓይነት ቀለም ላይ ነፍታችኋል፣ ቲነሩ የታችኛውን በልቶታል። እሱን ማዳን አይቻልም፣ እስከ ብረቱ ፍቁት።

ኒትሮው ደርቆ እንደ ጭጋግ ከነጣባችሁ እርጥበት ነው። ቲነሩ ሲተን ብረቱን ያቀዘቅዘዋል፣ የአየሩ እርጥበት ላዩ ላይ ጤዛ ይሆናል። በሐምሌና ነሐሴ አዲስ አበባ ውስጥ ደጅ ላይ መቀባት የሚያዋጣ አይደለም። ከመስቀል በኋላ ጠብቁ፣ ጤዛው ከረገፈ በኋላ ረፋድ ላይ ጀምሩ። የጥቅምት ንፋስ ግን ሌላ ጣጣ አለው። ጎረቤታችን እማማ ያሰጡት ነጭ ነጠላ ላይ ብርማ ጥለት ጨምሬላቸዋለሁ። ነጠላ ገዝቼ ተካሁ። እሳቸው ግን እስከ ዛሬ ስፕሬ ይዤ ካዩኝ ቀድመው ልብሳቸውን ያስገባሉ።

አንዱ ቸርኬ ብቻ፣ ከውስጥ በኩል ተላጠ

ሁለተኛው ዙር። አራቱንም በሥርዓት ቀብቼ ነበር፣ ሦስቱ እንደ መስታወት ናቸው። የግራ የኋላው ግን በሁለት ሳምንት ከውስጥ በኩል ቀለሙ እንደ ማስቲካ ለሰለሰ፣ ከዚያ በቁርጥራጭ ረገፈ። ቀለሙን የሸጠልኝን ሰውዬ ልጣላ ስዘጋጅ አንድ የቆዩ የቮልስ መካኒክ ጋ ወሰድኩት። ጋሼ ጣታቸውን ሰደው ዳሰሱት፣ አሸተቱት፣ "አንተ ልጅ፣ የሚያለቅሰው ፍሬንህ ነው" አሉኝ።

የፍሬን ዘይት ቀለም ይበላል። ታምቡሩ (ከቸርኬው ጀርባ ያለው የፍሬን ከበሮ) ውስጥ ያለችው ትንሽ የፍሬን ፓምፕ ጎማዋ አርጅቶ ታንጠባጥባለች፣ ጎማው ሲዞር ዘይቱ በቸርኬው ውስጠኛ ፊት ላይ ይረጫል። እኔ ያንን ቀለም የሻጩ ጥፋት አድርጌ ደግሜ ብቀባው ኖሮ እንጦጦን ስወርድ ፍሬን አጣ ነበር። ብዙዎቹ የቆዩ ቮልሶች የፍሬን መስመራቸው አንድ ነው፤ አንድ ቦታ ከፈሰሰ አራቱም ጎማ ላይ ፍሬን ይጠፋል።

እዚህ ጋ ሁለት ፈሳሾችን መለየት ልመዱ። የፍሬን ዘይት ቀጭን ነው፣ ቀለም ያልጣል፣ ውኃ ይቀላቀለዋል። የካምቢዮ ዘይት ወፍራምና ጠቆር ያለ ነው፣ የድኝ ዓይነት ክፉ ሽታ አለው፣ ቀለሙን አይልጠውም ግን አቧራ ሰብስቦ ጥቁር ቅርፊት ይሠራል። የመጀመሪያው ከሆነ ትንሿን ፓምፕ ከነጎማዋ ቀይሩ፣ ዘይት የጠጣውን የፍሬን ሸራ በሁለቱም የኋላ ጎማ ላይ በጥንድ ለውጡ፣ ከፍሬን መስመሩ አየሩን አስወጡ። ሁለተኛው ከሆነ የኋላው ኦይል ሲል (ዘይቱን የሚያግደው ጎማ) አልቋል። የታምቡሩን አቧራ በኮምፕረሰር አትንፉት፣ የድሮ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል፤ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት።

የኋላ ታምቡር ለማውጣት መሐል ያለውን ባለ 36 ዳዶ መፍታት አለባችሁ። መልሳችሁ ስታስሩት ወደ 30 ኪሎግራም ሜትር ይፈልጋል። ይህ ማለት 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከዳዶው 43 ሳንቲሜትር ርቆ ቧንቧው ላይ ቢቆም እንደማለት ነው። መኪናዋ መሬት ላይ ሆና፣ የእጅ ፍሬን ተይዞ እንጂ ክሪክ ላይ ሆና አትሞክሩት። ከሥሯ ስትገቡ ደግሞ ብሎኬት አትደግፉ፣ ብሎኬት ሳያስጠነቅቅ ነው የሚፈርሰው። የብረት ማቆሚያ አሠሩ።

ከቀለም በኋላ ብሎኖቹ እየላሉ ጎማው ቀጭ ቀጭ አለ

ሦስተኛው ዙር፣ በጣም ያስደነገጠኝ። ፍሬኑ ተሠርቷል፣ ቸርኬው በሦስት ድርብ ተቀብቷል፣ ፒያሳ ደርሼ ስመለስ ከፊት ቀኝ ቀጭ ቀጭ ይላል። ወርጄ የቸርኬውን ክዳን ሳነሳ ሁለት ብሎን በእጅ ይዞራል።

ያደረግኩት ነገር ቂልነት ነው። ቸርኬው ታምቡሩ ላይ የሚያርፍበትን ፊትና የብሎኖቹን መቀመጫ ጭምር ወፍራም ቀለም ቀብቼዋለሁ። ብሎን ስታስሩ የምታስሩት ብረት በብረት ላይ መሆን አለበት። መሐል ቀለም ካለ ስትነዱ ይደቅቃል፣ ይሳሳል፣ ብሎኑ ይላላል። ስለዚህ እነዚያን ቦታዎች ከቀለም በፊት በወረቀት ሸፍኑ፣ የተቀባ ከሆነ ፍቁት። የቮልስ የብረት ቸርኬ መቀመጫው እንደ ኳስ ክብ ነው፤ ከሌላ መኪና የመጣ ጫፉ ሾጣጣ ብሎን በጠርዙ ብቻ ነው የሚይዘው፣ እሱም እንዲሁ ይላላል። ከብሎን ቀዳዳ ዙሪያ ቡናማ ዱቄት ሲረጭ ካያችሁ ብሎኑ ከላላ ቆይቷል ማለት ነው፣ ቀዳዳው ከሰፋ ቸርኬውን ጣሉት። በዚህ ላይ ቁጠባ የለም።

ብሎኑ ጠብቆም መሪው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ቸርኬው ተጣሞ ይሆናል። ጎማውን በክሪክ አንሱ፣ ካቻቢቴ ጡብ ላይ አስደግፋችሁ ጫፉን ወደ ቸርኬው ጠርዝ አስጠጉ፣ ጎማውን በእጅ አዙሩ። ክፍተቱ እየሰፋና እየጠበበ ከሄደ ተጣሟል። ክፍተቱ ካልተለወጠ ወደ ጎሚስታ ለባላንስ ሂዱ።

የፊቱ እንደ ኳስ ይነጥራል

የጎማ ንፋስ ጉዳይ ነው። ሞተሯ ከኋላ ስለሆነ ፊቷ ቀላል ነው። ጎሚስታው ዝም ካላችሁት አራቱንም 32፣ 35 ፒኤስአይ ይሞላል፣ ለሌላ መኪና የለመደው እሱን ነው። ቮልስ ለፊቷ 18 አካባቢ፣ ለኋላዋ 27 አካባቢ ይበቃታል። "ተሳስተሃል ወንድሜ" ይላችኋል። አልተሳሳታችሁም።

በክሪክ ስታነሷት በሩ አልዘጋ አለ

ቸርኬ ለማውጣት ስታነሱ የበሩን ክፍተት ተመልከቱ። ከላይ በኩል ከጠበበ ከበሩ ሥር ያለው ሳጥን መሳይ ብረት ከውስጥ በስብሷል፣ መኪናዋ እየታጠፈች ነው። የኋላ ወንበሩንም አንሱ። ባትሪው እዚያ ነው ያለው፣ አሲዱ ወለሉን ይበላዋል፣ የወንበሩ ሽቦ የባትሪውን ጫፍ ከነካ ደግሞ እሳት ያስነሳል። ጎማ አልብሱት። የበሰበሰውን በስቱኮ የሚደፍን ባቱላሜራ ጋ አትሂዱ። ቆርጦ አዲስ ላሜራ ይበይድ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ጎን ብቻ፣ የበሩን ቀዳዳ በብረት አስሮ። አለበለዚያ በሯ ዳግም አይገጥምም።

ጥቁር ጭስ፣ ጥቁር ካንዴላ፣ የጋለ ሞተር

ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ለባሕር ጠረፍ የተስተካከለ ካርቡራቶር እዚህ ቤንዚን ያበዛል። መጀመሪያ የካርቡራቶሩ አየር ማፈኛ ሞተሩ ሲሞቅ ሙሉ በሙሉ መከፈቷን እዩ፣ ከዚያ አነስ ያለ ጂግለር (ቤንዚን የሚያልፍባት ቀዳዳ ያላት ትንሽ ብሎን) ሞክሩ። ኃይል ግን ሙሉ አይመለስም፣ ሽሮ ሜዳን በሁለተኛ ማርሽ ውጡ።

ሙቀቱ ሌላ ነው። ሞተሯ የሚቀዘቅዘው በአየር ስለሆነ ዙሪያዋ ያሉት ላሜራዎች ጌጥ አይደሉም፣ ንፋሱን የሚመሩት እነሱ ናቸው። ከእኔዋ ላይ አንድ ጋራዥ "ለምንም አይጠቅምም" ብሎ ሁለቱን ጥሎልኝ ነበር። ምናለሽ ተራ ሦስት ቅዳሜ ፈልጌ አገኘኋቸው። ቺንጋው ልል ከሆነም ይግላል፤ በአውራ ጣት ስትጫኑት 15 ሚሊሜትር ያህል ይግባ። ቫልቩን ደግሞ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ክፍተቱን 0.15 ሚሊሜትር ላይ አስተካክሉ፣ በተለይ ሦስተኛውን ሲሊንደር፤ በቆዩት ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው ንፋሱን ስለሚከልለው ቶሎ የሚቃጠለው እሱ ነው።

አሁን ቸርኬው ለአራተኛ ጊዜ ተቀብቷል፣ ዓመት ሊሆነው ነው። ከቀባሁት በኋላ ስድስት ኪሎ ደርሼ ተመልሼ ብሎኖቹን ደግሜ አጠበቅኩ፣ ሁለቱ ትንሽ ሄዱ፣ ከሳምንት በኋላ ግን አንዱም አልነቃነቅ አለ። የግራ የኋላውን ቅዳሜ ቅዳሜ ጣቴን ከውስጥ ሰድጄ እዳስሰዋለሁ። እስካሁን ደረቅ ነው።