ፕሮሰሰር ከመግዛታችሁ በፊት ማዘርቦርዱን እዩ

ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ ወገኖቼ፣ የቤት ኮምፒውተራችሁ ተንቀራፎ ፕሮሰሰር (ስሌቱን የሚሠራውን ዋና ቺፕ) ለመቀየር ካሰባችሁ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ። ዕቃው ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ መጥቶ አልሠራም ሲል በጣም ያናድዳል፤ እኔ ላይ ደርሷል።

የተሳሳትኩት በሶኬቱ፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ በሚሰካበት ቦታ፣ ቁጥር ነው። ማዘርቦርዴ (ሁሉም ክፍሎች የሚገጠሙበት ዋናው ሰሌዳ) 1151 ነበር፤ ያስመጣሁት 8ኛ ትውልድ ኢንቴልም 1151። ልክክ ብሎ ገባ፣ ኮምፒውተሩ ግን አልነሳም። ለካስ ለ6ኛና ለ7ኛ ትውልድ የተሠሩት ባለ 100 እና ባለ 200 ቺፕሴት (የቦርዱ ተቆጣጣሪ ቺፕ) ቦርዶች 8ኛውንና 9ኛውን አይቀበሉም፤ እነዚህ ባለ 300 ቺፕሴት ይፈልጋሉ። ስለዚህ የሶኬት ቁጥር መመሳሰሉ ብቻውን አይበቃም። ቦርዱ ላይ የታተመውን ሙሉ የሞዴል ስም ጻፉና በአምራቹ ድረ ገጽ የሚቀበላቸውን ፕሮሰሰሮች ዝርዝር ፈልጉ። ከየትኛው የባዮስ (ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው የቦርዱ ሶፍትዌር) ቁጥር ጀምሮ እንደሚሠራም እዚያው ታገኛላችሁ።

ባዮሱን ማደስ ካስፈለገ አሮጌው ፕሮሰሰር ሳይነቀል አድሱት። መሃል ላይ መብራት ከጠፋ ቦርዱ ሊበላሽ ይችላልና እባካችሁ ያለ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ መሣሪያ) አትጀምሩ።

ስትገጥሙ በፕሮሰሰሩና በማራገቢያው መካከል ያለውን የደረቀ ሙቀት አስተላላፊ ፔስት ጠርጋችሁ አዲስ ቀቡ፤ ማራገቢያው የአዲሱን ፕሮሰሰር ሙቀት መቻሉንም አረጋግጡ፣ በተለይ ሞቃት በሆነችው ኮምቦልቻ ያላችሁ።

ላፕቶፕ ከሆነ ግን በአብዛኞቹ አዳዲሶች ላይ ፕሮሰሰሩ ከቦርዱ ጋር የተበየደ ስለሆነ አይቀየርም፤ ብሩን ለኤስኤስዲ (ለፈጣን ማከማቻ) እና ለራም (ለጊዜያዊ ማስታወሻ) አውሉት።