በቤዝቦል ውርርድ ፒቸር (ኳስ ወርዋሪ) አይተን ያልተገመተውን ቡድን፣ ማለትም ይሸነፋል የተባለውን፣ ስንመርጥ ገንዘባችን የሚያልቀው የት ላይ ነው?

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 22 ቀን 2019 የወርልድ ሲሪስ፣ ማለትም የአሜሪካ ቤዝቦል የፍጻሜ ውድድር፣ የመጀመሪያ ጨዋታ ሂውስተን ላይ ሲጀመር፣ የባለሜዳው ቡድን የአስትሮስ ፒቸር ጌሪት ኮል ከሜይ ወር ወዲህ አንድም ሽንፈት በስሙ አልተጻፈበትም ነበር። የዋሽንግተኑ ናሽናልስ ፒቸሩን ማክስ ሸርዘርን ይዞ ገባና 5 ለ 4 አሸነፈ። የምኖረው ከዋሽንግተን አጠገብ ቨርጂኒያ ስለሆነ ያ ምሽት አይረሳኝም። ብዙ ሰው ግን ከእንዲህ ያለ ጨዋታ የተሳሳተ ትምህርት ይወስዳል፤ ባልተገመተው ቡድን በኩል ስም ያለው ፒቸር ካየ ሌላ ሳይጠይቅ ገንዘብ ይመድባል። ከጓደኞቼ ደጋግሜ የምሰማቸውን ቅሬታዎች ልንገራችሁ።

«ምርጫዬ ጥሩ ነው፣ ሂሳቤ ግን ይቀንሳል»

ዋጋውን አላሰላችሁትም ማለት ነው። የአሜሪካ ኦድ (የውርርድ ዋጋ) +150 ሲል 100 ዶላር ብትመድቡ 150 ታተርፋላችሁ፤ አገር ቤት በለመድነው ኦድ 2.50 መሆኑ ነው። ላለመክሰር ከ100 ጨዋታ 40 ማሸነፍ አለባችሁ። በየጨዋታው 10 ዶላር እየመደባችሁ 42 ብታሸንፉ 50 ዶላር ታተርፋላችሁ፣ 38 ብታሸንፉ 50 ዶላር ትከስራላችሁ። ትርፍና ኪሳራን የሚለያዩት አራት ጨዋታዎች ብቻ ናቸው።

ስለዚህ ኦዱን ከማየታችሁ በፊት «ይህ ቡድን ከዚህ ፒቸር ጋር ከ100 ስንቱን ያሸንፋል?» ብላችሁ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፉ። ኦዱን አይቶ የሚገምት ሰው ግምቱ ወደ ኦዱ ይሳባል። ቤዝቦል ደግሞ ላልተገመተ ቡድን ቦታ ያለው ጨዋታ ነው፤ ዶጀርስ በ2022 111 ጨዋታ ባሸነፈበት ዓመት 51 ጊዜ ተሸንፏል፣ ዋይት ሶክስም በ2024 121 ጊዜ ተሸንፎ 41 አሸንፏል።

«እስከ ስድስተኛው ኢኒንግ ስመራ ቆይቼ እሸነፋለሁ»

ይኼኛው በጣም የተለመደው ነው። ጨዋታው በዘጠኝ ኢኒንግ ወይም ዙር ይከፈላል። የሜትስ ቡድን ፒቸር ጄከብ ዲግሮም በ2018 ኢአርኤው (በእሱ ላይ የሚቆጠር ራን ወይም ነጥብ አማካይ) 1.70 ነበር፤ በዘጠኝ ኢኒንግ ሁለት ራን እንኳ አይሞላም ማለት ነው። ለምርጥ ፒቸር የሚሰጠውን የዓመቱን የሳይ ያንግ ሽልማትም ወሰደ። ሜትስ ግን እሱ ከጀመራቸው 32 ጨዋታዎች 18ቱን ተሸነፈ! ፒቸር ራን አያስቆጥርም፤ እሱ ከወጣ በኋላ የሚሆነውንም መከላከል አይችልም።

ዛሬ ጨዋታውን የሚጀምረው ፒቸር አብዛኛውን ጊዜ የሚቆየው አምስት ኢኒንግ ወይም ትንሽ ቢበልጥ ነው። መቺዎቹ ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጡበት ኳሱን ስለለመዱት በደንብ ይመቱታል፣ አሰልጣኙም ያወጣዋል። ቀሪው ጨዋታ የቡልፔኑ፣ ማለትም የተቀያሪ ፒቸሮቹ፣ ነው። እናንተ የገዛችሁት ግን ዘጠኙን ኢኒንግ ነው።

ያመናችሁት ጀማሪውን ብቻ ከሆነ የመጀመሪያዎቹን አምስት ኢኒንጎች ብቻ የሚመለከተውን ውርርድ ውሰዱ። ሙሉ ጨዋታውን ከፈለጋችሁ ያለፉትን ሁለት ቀናት ውጤት ከፍታችሁ ከቡልፔኑ ማን ስንት ኳስ እንደወረወረ እዩ። ጨዋታውን የሚጨርሰው ምርጥ መዝጊያ ፒቸር ሁለት ቀን በተከታታይ ሠርቶ ከሆነ ዛሬ ላይገባ ይችላል። እኔ ይህን ሳላይ አልመድብም።

«ቁጥሩ ያማረ ፒቸር መርጬ ተደበደበብኝ»

ኢአርኤ ዕድልንና የተከላካዮችን ሥራ አብሮ ይቆጥራል። ሆም ራን (ከሜዳው አልፎ የሚሄድ ምት) ሳይሆኑ ሜዳ ውስጥ ከሚመቱ 100 ኳሶች 30 ያህሉ ሂት ይሆናሉ፣ ማለትም መቺው ቤዝ ይደርሳል፤ አንድ ፒቸር ላይ 24 ብቻ ከሆኑ አብዛኛውን ጊዜ ዕድል አግዞታል፣ ዕድሉም አይቆይም። ፊፕ የሚባለውን ቁጥር እዩ። እሱ የሚይዘው ፒቸሩ ራሱ የሚቆጣጠረውን ነው፦ ሆም ራን፣ ዎክ (በአራት የተሳሳተ ውርወራ መቺው በነፃ ሲያልፍ)፣ በኳስ የተመታ ተጫዋችና ስትራይክአውት (መቺው በሦስት ስትራይክ ሲወጣ)። ያልተገመተው ቡድን ፒቸር ኢአርኤው 4.80፣ ፊፑ 3.60 ከሆነ ዋጋው ከሚገባው በላይ ረክሶ ሊሆን ይችላል። ኦድ አውጪዎቹም ፊፕን ያውቃሉና በዚህ ብቻ አትግቡ።

ሜዳውንም እዩ። ዴንቨር 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አዲስ አበባ ላደገ ሰው ምንም አይደለም፣ ኩርባ ኳስ (በመንገዱ ላይ የሚታጠፍ ውርወራ) ግን በስስ አየር ውስጥ እንደልቡ አይታጠፍም፣ የተመታው ኳስም ይርቃል። በኩርባ ኳስ የሚኖር ፒቸርን እዚያ አልገዛም።

«ቲኬቴ ላይ ያልመረጥኩት ፒቸር ገባ»

አንድ ቅዳሜ ጨዋታው ሊጀመር 20 ደቂቃ ሲቀረው የመረጥኩት ፒቸር ወጣ፤ ውርርዱ ግን ጸንቶ ቀረ። ስትመድቡ «ፒቸሩ ከተቀየረ ይሰረዝ» የሚል ምርጫ ካለ ያዙት፤ ከሌለ አሰላለፉ እስኪረጋገጥ ጠብቁ።

«ተከታታይ ስሸነፍ እጥፍ አድርጌ አስመልሳለሁ»

42 በመቶ የሚያሸንፍ ጎበዝ መራጭም በአምስት ተከታታይ ውርርዶች አምስቱንም የሚሸነፍበት ዕድል ከ15 አንድ ያህል ነው። ከ20 ዶላር ጀምሮ እጥፍ የሚያደርግ ሰው በአምስተኛው 620 ዶላር ከስሯል፣ ስድስተኛው ብቻውን 640 ይጠይቀዋል። ለጨዋታ ከለያችሁት ገንዘብ በየጊዜው አንድ በመቶውን ብቻ መድቡ። የመደባችሁበትን ኦድና ጨዋታው ሲጀመር የነበረውን ጎን ለጎን ጻፉ፤ በ+150 የገዛችሁት +135 ሆኖ ከተጀመረ ከኋላችሁ ከመጡት የተሻለ ዋጋ አግኝታችኋልና ብትሸነፉም ምርጫችሁ ጥሩ ነበር። የቤት ኪራይ ከተነካ ግን ነገሩ ከፒቸር አልፏልና የውርርድ አፑ ላይ ራስን የማገድ ምርጫውን ተጠቀሙ፤ ለምታምኑት ሰውም ዛሬውኑ ንገሩ።