ኬኩ አሪፍ ሆኖ ትዕዛዙ የሚበላሸው የት ጋ ነው?

ቤታቸው ኬክ ጋግረው ከሚሸጡ ሰዎች ጋር ብዙ አወራለሁ። ከደንበኛ ጋር የተጣሉበትን ምክንያት ስጠይቃቸው ኬኩ ጣዕም አጣ የሚል መልስ እምብዛም አልሰማም። ቀኑ ተሳስቶ፣ ስሙ ተሳስቶ፣ ወይ ደግሞ ቀብድ ያልከፈለ ሰው "አዝዤ ነበር እኮ!" ብሎ መጥቶ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ የሰራ ሰው በእንዲህ ዓይነት ነገር ደንበኛ ሲያጣ ያናድዳል። ስለዚህ ደጋግሜ የማያቸውን ስህተቶች አንድ በአንድ ልንገራችሁ።

ትዕዛዙን የመጣበት ቦታ ላይ መተው

አንዷ ቲክቶክ ላይ ትጽፋለች፣ ሌላው ቴሌግራም ላይ በድምፅ ይልካል፣ ጎረቤት ደግሞ በር ላይ ቆማ "ለቅዳሜ 2 ኪሎ ስሪልኝ እሺ" ብላ ትሄዳለች። ሁሉንም እዚያው ከተዋችሁት አርብ ማታ ስልክ ስትጎረጉሩ ታመሻላችሁ። ትዕዛዝ የሚቀመጥበት ቦታ አንድ ብቻ ይሁን። ደብተር ይበቃል። ስልክ ከቀለላችሁ ቴሌግራም ላይ ብቻችሁን ያላችሁበት የግል ቻናል ክፈቱና እያንዳንዱን ትዕዛዝ ከነፎቶው ለብቻው አስቀምጡ።

ቻቱ ራሱ ማስረጃ ይሆነኛል ብላችሁ ግን አትተማመኑ። ቴሌግራም ላይ ደንበኛው የላከውን መልዕክት እስከ 48 ሰዓት ድረስ ማስተካከል ይችላል፤ ከፈለገም ከሁለታችሁም ስልክ ላይ ማጥፋት ይችላል። አብዛኛው ሰው ለክፋት አያደርገውም። "ቸኮሌት" ያለውን "ቫኒላ" ብሎ ያስተካክልና አይተውታል ብሎ ያስባል፣ እናንተ ደግሞ ቸኮሌቱን ጋግራችሁ ጨርሳችኋል።

ቀንና ሰዓት ላይ መገመት

ብዙ ጣጣ የሚመጣው ከዚህ ነው፤ በተለይ ውጭ ያለ ሰው ሲያዝ። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ልጅ አዲስ አበባ ላሉ እናቱ ልደት "መጋቢት 15 ይድረስልኝ" ይላችኋል። በልቡ ያለው ግን ማርች 15 ሊሆን ይችላል፣ ምክንያቱም ውጭ የሚኖር ብዙ ሰው የፈረንጁን ወር በእኛው ወር ስም ነው የሚጠራው። ማርች 15 በእኛ መጋቢት 6 ነው። ዝም ብላችሁ መጋቢት 15 ብላችሁ ከጻፋችሁ ኬኩ 9 ቀን ዘግይቶ ይደርሳል ማለት ነው።

መፍትሄው ቀላል ነው። የሳምንቱን ቀን፣ የእኛን ቀንና የፈረንጁን ቀን ሦስቱንም አንድ ላይ ጻፉ። ሦስቱ እርስ በርስ ካልተስማሙ ስህተቱ ወዲያው ይታያችኋል።

ሰዓቱም እንደዚያው። "3:00" ተብሎ የተጻፈ ሰዓት ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው ወይስ በፈረንጅ ቆጥሮ ከቀኑ 9 ሰዓት? አትገምቱ። "ከጠዋቱ" ወይም "ከቀኑ" የሚለውን ቃል ሳትጨምሩ ሰዓት አትጻፉ። ደግሞ የተባላችሁት ሰዓት ኬኩ ከእናንተ ቤት የሚወጣበት ነው ወይስ ግብዣው የሚጀመርበት? ሲኤምሲ ጋግራችሁ ጀሞ የምትልኩ ከሆነ ይሄ ልዩነት ትንሽ አይደለም።

የጾም ነው የፍስክ ብሎ አለመጠየቅ

ደንበኛው ላያነሳው ይችላል፤ የሚያስታውሰው ሻማው ሊበራ ሲል ነው። ዐቢይ ጾም፣ ፍልሰታ፣ ጾመ ነቢያት፣ ከዚያ ረቡዕና አርብ። መጠየቅ ያለባችሁ ልደቱ የዋለበትን ቀን ብቻ አይደለም፣ ኬኩ የሚበላበትን ቀን ጭምር ነው። ማክሰኞ ተወልዶ ረቡዕ ቢሮ የሚያከብር ሰው አለ።

"የጾም" ካላችሁ ደግሞ እስከ ክሬሙ ድረስ የጾም ይሁን። እንቁላል፣ ወተትና ቅቤ ማውጣት ብቻውን አይበቃም፤ የአትክልት ነው ተብሎ የሚሸጠው የክሬም ዱቄት አንዳንዱ የወተት ፕሮቲን አለበት። ማሸጊያው ላይ ያለውን አንብቡ። ሙስሊም ደንበኛ ሲያዛችሁም ሩም የሚባለውን አልኮል እንዳታደርጉ፣ ጄላቲን ያለበት ነገር ከተጠቀማችሁ ሐላል መሆኑን አረጋግጡ። ኦቾሎኒ የማይስማማው ሰው ካለም ጠይቁና ከትዕዛዙ ጎን ጻፉት።

ቀብድ ሳይገባ ቀን መያዝ

"እከፍላለሁ፣ አትጠራጠሪ" የሚል ሰው አያጭበረብርም ይሆናል፣ ግን ሐሳቡን ይቀይራል። ስሙ የተጻፈበት ኬክ ደግሞ ለሌላ ሰው አይሸጥም። ግማሽ ቀብድ ተቀበሉ፣ እስኪገባ ድረስ ትዕዛዙን "በመጠባበቅ ላይ" ብላችሁ ለይታችሁ አስቀምጡት፤ ይህንንም ለደንበኛው በግልጽ ንገሩት። ዘመድም ቢሆን፣ እንዲያውም በተለይ ዘመድ። ስክሪንሾት አይታችሁ "ደርሶኛል" እንዳትሉ፣ ፎርጅዱ በዝቷል። ቴሌብር ከሆነ ከ127 የመጣላችሁን መልዕክት፣ ባንክ ከሆነ የራሳችሁን ሂሳብ እዩ።

አንድ ስም ብቻ መጻፍ

እህት ታዛለች፣ ዱባይ ያለው ወንድም ይከፍላል፣ ኬኩን የሚረከቡት አክስት ናቸው። ደብተራችሁ ላይ ያለው "ሳሚ" ብቻ ከሆነ ዕለቱ ደርሶ "ለወይዘሮ አስቴር የታዘዘው" ብሎ ሰው ሲደውል ትደናገጣላችሁ። ያዘዘው፣ የከፈለው፣ የሚረከበው ተብሎ ሦስቱም ይጻፍ፣ የተረካቢው ስልክ ቁጥር ደግሞ አይቅር። የራይድ ሹፌሩ ሰፈሩ ደርሶ የሚደውለው ለሳቸው እንጂ ውጭ ላለው ልጅ አይደለም።

ኬኩ ላይ የሚጻፈውን ስም ደንበኛው ራሱ በጽሑፍ ይላክ። በስልክ ሰምታችሁ አትጻፉ። ሠላም በንጉሡ ሠ ናት ወይስ በእሳቱ ሰ፣ በእንግሊዝኛ ፊደል ከሆነ ደግሞ ስንት ዓይነት አጻጻፍ አለው። ሕፃኑ ክርስትና ላይ ስሙ ተሳስቶ ፎቶ ሲነሳ እናትየው አትረሳላችሁም።

ፎቶ አይቶ "እሺ" ማለት

የላኩላችሁ ፎቶ ባለ ሦስት ፎቅ፣ በፎንዳንት (እንደ ሊጥ ተዳምጦ ኬኩን በሚያለብሰው ስኳር) የተሰራ ነው። የሚፈልጉት ደግሞ 2 ኪሎ በክሬም። "እሺ" ካላችሁ ፎቶውን ራሱን ቃል ገባችሁ ማለት ነው። ምኑ እንደሚመስል፣ ምኑ እንደማይመስል ከፎቶው ስር ጻፉ።

የምትችሉትን ልክ ሳታውቁ መቀበል

ጥር ሰርግ ነው፣ ሰኔና ሐምሌ ምርቃት። ስልኩ ሲበዛ እምቢ ማለት ይከብዳል። ግን ልካችሁን የሚወስነው ጉልበታችሁ ብቻ ሳይሆን ፍሪጃችሁም ነው። ስንት የተጠናቀቀ ኬክ ከነካርቶኑ እንደሚይዝ ባዶ ካርቶን አስገብታችሁ ሞክሩት። መብራት ቢጠፋ ብላችሁ ከዚያ ላይ ለመጠባበቂያ ትንሽ ቀንሱና የቀረውን ቁጥር ካሌንደሩ ላይ ጻፉ። ሲሞላ "ለዚህ ቀን ሞልቶብኛል፣ እሁድ ከሆነ እችላለሁ" በሉ።

ሳያረጋግጡ መጀመር

ከሁለት ቀን በፊት ሙሉውን ትዕዛዝ ለደንበኛው መልሳችሁ ላኩለት። እንዲህ ተደርጎ ይጻፍ፦

"ሰላም፣ ትዕዛዝዎ፦ እሁድ መጋቢት 6፣ በፈረንጅ ማርች 15። ከቀኑ 9 ሰዓት ጀሞ ይደርሳል። 2 ኪሎ፣ የጾም፣ ቸኮሌት፣ በነጭ ክሬም። ጽሑፉ፦ እማዬ እንኳን ተወለድሽልን። ተረካቢ፦ ወይዘሮ አስቴር። ግማሽ ቀብድ ገብቷል፣ ቀሪው ሲረከቡ። የተሳሳተ ካለ እስከ ነገ ጠዋት ያሳውቁኝ።"

"ትክክል ነው" የሚል መልስ ሲመጣ ደብተሩ ላይ ምልክት አድርጉ። ካልመለሰ ደውሉ።